የኤችደብሊውዲ ልኬትና የላብ ሲቢአር አልታረቁልኝም፤ ፋርፊልድ ውስጥ የቱን ላስገባ?

ጀማሪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን መድረክ ሳነብ ቆይቻለሁ፤ ጥያቄ ሳቀርብ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

አንድ የክልል ኤርፖርት ራንዌይ ላይ እየሠራሁ ነው፤ የቱ እንደሆነ አልጠቅስም። እስካሁን የሚያርፍበት በአብዛኛው ኪው400 ነበር። አሁን 737-8 በየቀኑ፣ 787 ደግሞ አልፎ አልፎ እንዲያርፍበት ተፈልጓል። በነባሩ አስፋልት ላይ ምን ያህል ኦቨርሌይ (አዲስ የአስፋልት ንብርብር) ይደረብ የሚለውን በፋርፊልድ፣ ማለትም በኤፍኤኤ (በአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን) የራንዌይ ዲዛይን ፕሮግራም፣ ማስላት የኔ ድርሻ ነው።

የኤችደብሊውዲ (ክብደት ጥሎ የወለሉን መርገብ የሚመዘግብ ማሽን) ልኬቱ የተሠራው የካቲት ውስጥ ነው። የአንዱን ነጥብ ውጤት ላስቀምጥ፣ ቁጥሩን ትንሽ አጠጋግቼዋለሁ። ጭነቱ 200 ኪሎኒውተን። ዲፍሌክሽኑ (ወለሉ የረገበበት ልክ) ክብደቱ የሚያርፍበት ሳህን መሃል ላይ 1.30 ሚሜ፣ ከዚያ 90 ሴሜ ርቆ 0.48፣ 1.2 ሜትር ላይ 0.31፣ 1.5 ላይ 0.21፣ 1.8 ላይ 0.15።

ባክ ካልኩሌሽኑ (ከዲፍሌክሽኑ ተነሥቶ የየንብርብሩን ሞጁለስ፣ ማለትም ግትርነት፣ የሚያሰላው) የሰጠኝ፦ አስፋልት (10 ሴሜ) 11,800 ሜጋፓስካል፣ ከሥሩ ያለው ቤዝ 90፣ ሰብ ቤዝ 900፣ ሰብግሬድ (ከሁሉም ሥር ያለው አፈር) 185። የተለካውና የተሰላው ከርቭ ልዩነት ከ2 በመቶ በታች ነው፤ ማለትም ጥሩ ገጥሟል።

ችግሩ ላብ ነው። አፈሩ ጥቁር ነው፣ አራት ቀን ተነክሮ የተሠራው ሲቢአር (የአፈር የመሸከም አቅም መለኪያ) 3 ወጣ። በተለመደው ቀመር በ10 ሲባዛ 30 ሜጋፓስካል ማለት ነው። 185 እና 30! በአንዱ ስሠራ ኦቨርሌይ ብዙም አያስፈልግም ይለኛል፤ በሌላው ስሠራ ራንዌዩን እንደ አዲስ ሥሪ ይለኛል። የቱን ልመን?

ኮር_ማሽን

ከመልሱ በፊት ጥያቄ አለኝ። 10 ሴሜ የሚለው ከየት መጣ? ኮር (ከአስፋልቱ ተበስቶ የሚወጣ ናሙና) ተቆርጧል? የአስፋልቱ ሙቀት ስንት ነበር?

ጀማሪዋ

ኮር አልተቆረጠም። አሠሪው “የማያፈርስ ምርመራ ብላችሁ አስከፍላችሁን፣ ደግሞ ራንዌያችንን ልትበሱ ነው?” አለን። 10 ሴሜ የተገኘው ከድሮው አዝ ቢልት (ሥራው ሲያልቅ የተነሣ) ሥዕል ነው። የተለካው ጠዋት ነው፣ የገጹ ሙቀት 28 ዲግሪ።

ታዛቢ

የአሠሪው ጥያቄ ግን አሳቀኝ። እውነቱን ነው ደግሞ 😀

ኮር_ማሽን

እውነቱን አይደለም። ይሄን ነገር በየፕሮጀክቱ እሰማዋለሁና ትንሽ ልዘርዝረው።

ማሽኑ ምን እንደሚያደርግ እንይ። 30 ሴሜ ስፋት ያለው ክብ ሳህን አስፋልቱ ላይ ይቀመጣል። ክብደቱ ወደ ላይ ይወጣና ይለቀቃል፤ ዷ! ጭነቱ ወለሉ ላይ የሚቆየው ከ25 እስከ 30 ሚሊሰከንድ ቢሆን ነው፣ አንድ ጎማ በፍጥነት ሲያልፍ እንደሚሆነው ማለት ነው። በረድፍ የተደረደሩት ሴንሰሮች ወለሉ ምን ያህል እንደረገበ ይመዘግባሉ። አለቀ። ማሽኑ የሚያውቀው ጭነትና ዲፍሌክሽን ብቻ ነው። ሞጁለስ የሚባል ነገር ለክቶ አያውቅም።

ሞጁለሱን የሚፈጥረው ሶፍትዌሩ ነው። ውፍረቱን አንቺ ትነግሪዋለሽ፤ እሱ የተለካውን ከርቭ የሚያስመስል የሞጁለስ ጥምረት እስኪያገኝ ይገምታል። አንድን ከርቭ የሚያስመስሉ ጥምረቶች ደግሞ ብዙ ናቸው። ልዩነቱ 2 በመቶ ሆነ ማለት ሂሳቡ ተዘጋ ማለት እንጂ መሬቱ ውስጥ ያለው ያ ነው ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ቁጥሮችሽ። በ28 ዲግሪ 11,800 የሚሆን አስፋልት የለም። ከሥር ያለው ቤዝ 90፣ ከእሱም ሥር ያለው ሰብ ቤዝ 900፤ ይሄ ተገልብጧል። ሶፍትዌሩ ከላይ ያጋነነውን ከመሃል ቆርጦ፣ ከመሃል የቆረጠውን ከታች እየጨመረ ነው ሂሳቡን ያቻቻለው።

እኔ የምጠረጥረው ውፍረቱን ነው። አስፋልት ለመታጠፍ ያለው ግትርነት ከውፍረቱ ኪዩብ ጋር ነው የሚሄደው። ያንቺ አስፋልት 10 ሳይሆን 16 ሴሜ ቢሆንስ? 1.6 በኪዩብ 4.1 ነው። 11,800ን ለ4.1 ስታካፍዪው 2,900 አካባቢ ይመጣል። ለ28 ዲግሪ እሱ ያስኬዳል። መሃል ላይ አንድ ሰው ኦቨርሌይ ደርቦ ሥዕሉን ሳያስተካክል ሄዷል ብዬ እወራረዳለሁ።

ስለዚህ ኮር ይቆረጥ። 10 ወይም 15 ሴሜ ስፋት ያለው ቀዳዳ በዚያው ሌሊት ይደፈናል። ጂፒአር (መሬት ውስጥ የሚያይ ራዳር) ካገኛችሁ ደግሞ ውፍረቱን ሳትበሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ታዩታላችሁ፤ ግን እሱም ቢሆን የሚስተካከለው በኮር ነው።

ጋሽ_ቤንከልማን

ልጆች፣ ይሄን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው? በእኛ ጊዜ ሲቢአር ይሠራል፣ የዲዛይን ከርቩ ይገለጣል፣ ውፍረቱ ይነበባል። ዲፍሌክሽን ካስፈለገ ቤንከልማን ቢም አለ። የተጫነ መኪና፣ አንድ ረጅም ዘንግ፣ አንድ ዳያል ጌጅ። በዚያ የተሠራው ዛሬም ይበርርበታል። ሲቢአር 3 ካለ 3 ነው፤ በ3 ሥሪው። ወፍራም ሆነ ተብሎ የተከሰሰ መሐንዲስ አላየሁም።

ማዶ_ያለሁ

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ አሜሪካ ኤርፖርት ፔቭመንት (የራንዌይና መሰል ወለል) ላይ ነው የምሠራው።

የሲቢአር ዘዴ ለኤርፖርት የመጣው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ከካሊፎርኒያ መንገዶች ወስደው ለከባድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ዘረጉት። ሠርቷል፣ ማንም አይክደውም። እክሉ የመጣው ከ777 ጋር ነው። በ1995 (ሁሉንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ወደ አገልግሎት ሲገባ በእያንዳንዱ ዋና እግሩ ስድስት ጎማ ይዞ መጣ። የድሮው ከርቭ የተሠራው ለአንድ፣ ለሁለትና ለአራት ጎማ ነበር። ለስድስት ሲዘረጋ የሚሰጠው ውፍረት ከልክ ያለፈ ሆነ።

ኤፍኤኤ በዚያው ዓመት ሌድኤፍኤኤ የሚባል ፕሮግራም አወጣ፤ በ2009 ፋርፊልድ ተካው። ሂሳቡን የሚፈትኑበት ቦታ ደግሞ አትላንቲክ ሲቲ አጠገብ ሠሩ፤ በ1999 ተከፈተ። ጣሪያ ያለው አዳራሽ ነው፣ ወደ 274 ሜትር ይረዝማል። ውስጡ በለስላሳ፣ በመካከለኛና በጠንካራ ሰብግሬድ ላይ ፔቭመንት ይሠራሉ። ከዚያ በሐዲድ የሚሄድ ግዙፍ ተሽከርካሪ በአንዱ ጎን የ777ን፣ በሌላው ጎን የ747ን ጎማ አሠላለፍ እየጫነ እስኪበላሽ ይመላለስበታል። ያለ አውሮፕላን አውሮፕላን ማለት ነው። ፋርፊልድ የሚያምነው የብልሽት ቀመር የተቃኘው እንደዚህ ካሉ ፈተናዎች ነው።

ወደ እህታችን ጥያቄ ልመለስ። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ፋርፊልድ ላይ ደረጃውን የጠበቀ አስፋልት ስትመርጪ ሞጁለሱ የተቆለፈ ነው፤ 200,000 ፒኤስአይ፣ ወደ 1,380 ሜጋፓስካል። 11,800 ብትይ 2,900 ብትይ አይሰማሽም። የተፈጨ ድንጋይ ቤዝ ከሆነም ከሥሩ ባለው ጥንካሬና በራሱ ውፍረት ተነሥቶ ሞጁለሱን ራሱ ያሰላል። የኮንክሪቱም እንደዚሁ የተቆለፈ ነው። ቁጥር እንድታስገቢ የሚለቅልሽ በዋናነት “በተጠቃሚ የተወሰነ” የሚለውን ንብርብር ስትመርጪና ሰብግሬዱ ላይ ነው።

ስለዚህ የላይኛዎቹ ሞጁለሶች ጥቅማቸው በዋናነት ለምርመራ ነው፦ አስፋልቱ ተሰነጣጥቋል ወይ፣ ቤዙ ውኃ ይዟል ወይ፣ ራንዌዩ በስንት ክፍል ይከፈል። ሙሉ ክርክሩ መሆን ያለበት 185 እና 30 ላይ ነው።

ዋልካ

እሱን ለኔ ተዉልኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ጥቁር አፈር ላይ ነው፤ ከአድአ እስከ በቾ።

እህቴ፣ ሶፍትዌሩን ዝጊና አንድ ነገር በኤክሴል ሥሪ። ለእያንዳንዱ ራቅ ያለ ሴንሰር፦ ጭነቱን በ0.84 አባዢ፣ ለፓይ ሲባዛ ርቀት ሲባዛ ዲፍሌክሽን አካፍዪ። መሬቱ ወጥ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ሴንሰር አንጻር ሞጁለሱ ስንት ይሆን ነበር የሚለውን ይሰጥሻል። ባንቺ ቁጥር ሠራሁት፦

90 ሴሜ ላይ 124 ሜጋፓስካል
1.2 ሜትር ላይ 144
1.5 ላይ 170
1.8 ላይ 198

አየሽ? እየራቀ በሄደ ቁጥር እየጠነከረ ይሄዳል። ወጥ የሆነ ጥልቅ አፈር ቢሆን ራቅ ካሉ ሴንሰሮች የሚወጣው ቁጥር ተቀራራቢ ይሆን ነበር። ይሄ የሚሆነው በሁለት ምክንያት ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም አብረው አሉ።

አንደኛ፣ ከሥር ድንጋይ አለ። የኛ ጥቁር አፈር ብዙ ቦታ ባዛልት ላይ ነው የተኛው። ሩቅ ያለው ሴንሰር የሚሰማው ጥልቁን ነው። አፈሩ ሦስት ሜትር ላይ አልቆ ድንጋይ ቢጀምር፣ ሶፍትዌሩ ግን ሰብግሬዱ ማለቂያ የለውም ብሎ ካሰበ፣ የድንጋዩን ጥንካሬ ለአፈሩ ይሸልመዋል። ቦርሆል (የጥልቅ ጉድጓድ ቁፋሮ መረጃ) ካላችሁ ድንጋዩ የሚጀምርበትን ጥልቀት አስገቢለትና እንደገና አስሊው። ቁጥሩ ሲወርድ ታያለሽ።

ሁለተኛ፣ ጭቃማ አፈር ጭነት ሲበዛበት ይለሰልሳል። ሩቁ ሴንሰር ጋ የሚደርሰው ጭነት ትንሽ ነው፣ ስለዚህ አፈሩ እዚያ ጀግና ይመስላል። ጎማው ሥር ሲደርስ ጀግንነቱ የለም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የካቲት! ጥቁር አፈር በየካቲት ጡብ ነው። በነሐሴ መጥተሽ እይው።

ኮር_ማሽን

ዋልካ በትክክል። ግን ለጋሼም ለላቡም ፍርድ ልስጥ። የተነከረው 3 ደግሞ ሌላው ጫፍ ነው። ላብ ውስጥ አራት ቀን የተዘፈዘፈ ናሙና፣ 45 ሜትር ስፋት ባለው አስፋልት ሥር መሃል ላይ ካለው አፈር ጋር አንድ አይደለም። ገጹ ካልተሰነጠቀ መሃሉ ላይ ያለው እርጥበት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይወጣ አይወርድም። በክረምት የሚያብጠው፣ በበጋ የሚኮማተረው ጠርዙ ነው። ራንዌይ ላይ ደግሞ የዋናው እግር ጎማ የሚሄደው መሃል አካባቢ ነው።

ዋልካ

“ገጹ ካልተሰነጠቀ” ያልከው ላይ አስምርበት። የጠርዙ ቦይ ከተደፈነም ያ ሁሉ አይሠራም። የክልል ኤርፖርት ቦይ ስንቱ ነው የሚጠረገው?

ጋሽ_ቤንከልማን

ይሄ የሴንሰሩ ሂሳብ ደስ ይላል። የኛም ዘንግ ቢሆን ይሄን ታሳይ ነበር፣ የሚያሰላ ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፤ ኮምፒውተሩ አፈሩ ማበጡን ያውቃል?

ማዶ_ያለሁ

አያውቅም ጋሼ። ፋርፊልድ የሚያሰላው ጎማ የሚያመጣውን ጉዳት ነው። ሰብግሬዱ አናት ላይ ያለውን ቁመታዊ መጨመቅና አስፋልቱ ሆድ ላይ ያለውን መለጠጥ ያያል። አፈሩ በራሱ ጊዜ አብጦ ራንዌዩን ቢያነሣው ሂሳቡ ውስጥ የለም። ያ በዲዛይነሩ ጭንቅላት ነው የሚያልቀው፦ አፈሩን ቆርጦ መተካት፣ በኖራ ማከም፣ ውኃ እንዳይገባና እንዳይወጣ ማድረግ። 737 ስትጨምሪ ውፍረቱ ይጨምራል፣ እብጠቱ ግን አውሮፕላን አይጠብቅም።

ሌላ ወጥመድ ላስታውስ። በ1993ቱ የአሽቶ (የአሜሪካ የመንገድ ባለሥልጣናት ማኅበር) የመንገድ መመሪያ ላይ ከዲፍሌክሽን የተገኘ የሰብግሬድ ሞጁለስ ከ0.33 ባልበለጠ ቁጥር ይባዛል የሚል አለ። ያ ለዚያ መመሪያ ቀመር የተቃኘ ነው። አንዳንድ ሰው ከሁለት ዘዴ ግማሽ ግማሽ እየቆረጠ ይሰፋል። ፋርፊልድ የራሱ ቅኝት አለው፤ በኤፍኤኤ መመሪያ ውስጥ ሆነሽ ጨርሺው።

ታዛቢ

ከርዕስ ልውጣ ይቅርታ። የድሮው ፒሲኤን (የራንዌይ ጥንካሬ ቁጥር) 60 ምናምን የነበረ ራንዌይ አሁን ፒሲአር 600 ምናምን ሆኖ አየሁ። አሥር እጥፍ ጠነከረ ነው?

ማዶ_ያለሁ

አይ፣ መለኪያው ተቀይሮ ነው። የድሮው በሺህ ኪሎ ይቆጥር ነበር፣ አዲሱ በመቶ ኪሎ ይቆጥራል። ስለዚህ ቁጥሩ አንድ ዜሮ ገደማ ጨመረ። በኢካኦ (በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት) አዲሱ ዘዴ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 28 ቀን 2024፣ በኛ ኅዳር 19 ቀን 2017 ነው።

ከርዕስ ብዙም አልወጣህም ግን። በአዲሱ ዘዴ ሰብግሬድ በሲቢአር ሳይሆን በሞጁለስ ነው የሚመደበው። 150 ሜጋፓስካልና ከዚያ በላይ ኤ፣ ከ100 እስከ 150 ቢ፣ ከ60 እስከ 100 ሲ፣ ከ60 በታች ዲ። የእህታችን 185 ኤ ነው፣ 30ው ዲ። በአንድ ራንዌይ ከምርጡ እስከ መጨረሻው ምድብ! ያ ፊደል ደግሞ ታትሞ ይወጣል። አየር መንገዶች ይሄ አውሮፕላን እዚህ ማረፍ ይችላል ወይ ሲሉ እሱን ነው የሚያዩት።

አወያይ

የፒሲአር ጥያቄ ያላችሁ ሌላ ክር ክፈቱ እባካችሁ። ይሄ ስለ ባክ ካልኩሌሽን ይቆይ።

ጀማሪዋ

ምን ብዬ ላመስግናችሁ። ጽሑፋችሁን አትሜ ስብሰባ ላይ ይዤ ገባሁ፤ አሠሪው ኮር ፈቀደ። ሌሊት ራንዌዩ ሲዘጋ ተቆረጠ። ውጤቱ እንዲህ ነው።

ወደ ምዕራቡ ጫፍ አስፋልቱ ከ15 እስከ 17 ሴሜ ነው። ኮር_ማሽን፣ ውርርዱን በልተሃል። ወደ ምሥራቁ ግን 10 እና 11 ነው፤ ማለት ኦቨርሌዩ የተደረበው ግማሹ ላይ ብቻ ነው። ሥዕሉ ላይ ይሄ የለም። ጠያቂም መላሽም የለም።

ሌላ ያልጠበቅነው ነገር ወጣ። ከምዕራቡ ኮሮች አንዳንዶቹ ሁለት ቦታ ተከፍለው ነው የወጡት። መጋጠሚያው ላይ አቧራ አለ፣ በጣት ይጠረጋል። ሲደረብ አልተያያዘም ማለት ነው?

በየቀዳዳው ዲሲፒ (በክብደት እየተመታ የአፈሩን ጥንካሬ የሚፈትን ዘንግ) አወረድን። መሃል መስመሩ አካባቢ ያለው አፈር ከተነከረው ሲቢአር ብዙ ይሻላል፤ ጠርዙ አጠገብ ግን ደካማ ነው። የድሮ ቦርሆል ሪፖርት ተፈልጎ ተገኘ፤ ከሦስት ሜትር እስከ አራት ሜትር ባለው ውስጥ የበሰበሰ ባዛልት ይጀምራል። ያንን አስገብቼ፣ ውፍረቱን አስተካክዬ ደግሜ ሳሰላ ሰብግሬዱ ከ185 ወደ 95 ወረደ። ቤዙና ሰብ ቤዙም ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ኮር_ማሽን

አዎ፣ አልተያያዘም። አቧራው ሳይጠረግ ወይ ታክ ኮት (ማጣበቂያው ሬንጅ) ሳይበቃ ተነጥፏል። ይሄ ከባድ ነገር ነው፣ ችላ እንዳትዪው። ያልተያያዙ ሁለት ንብርብሮች እንደ አንድ ወፍራም አስፋልት አይሠሩም። 737 ፍሬን ሲይዝ የላይኛው ሊንሸራተት ይችላል። የተለያየበት ቦታ የት ድረስ እንደሆነ ለዩና ከአዲሱ ኦቨርሌይ በፊት ተፍቆ ይነሣ። ፋርፊልድ ንብርብሮቹ ተያይዘዋል ብሎ ነው የሚያሰላው።

ምዕራቡንና ምሥራቁንም ለየብቻ ዲዛይን አድርጊ። የሁለቱን አማካይ ከወሰድሽ ለሁለቱም የማይሆን ውፍረት ነው የምታገኚው።

ዋልካ

95 የየካቲት ቁጥር ነው፤ ይዘሽ አትሩጪ። ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም መጀመሪያ ላይ፣ በዚያው ነጥብ በዚያው ጭነት ይለካ። ሁሉም ነጥብ ባይሆን ደካማ የመሰሉት ይበቃሉ። በጀት የለም ካሉሽ ዲሲፒውን ለብቻው ድገሚ፣ እሱ ርካሽ ነው። እስከዚያ ለመጀመሪያ ግምት ከ50 እስከ 60 መሃል ይዘሽ ብትሠሪ ማንም አይፈርድብሽም።

ጋሽ_ቤንከልማን

60 ይሁን። እኔ 30 እል ነበር፤ ተሸነፍኩ እንበል። ጠርዙ ላይ ግን አልሸነፍም፤ ቦዩን አሠሪ።

ማዶ_ያለሁ

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ኤርፖርቱ ፓራለል ታክሲዌይ (ከራንዌዩ ጎን ለጎን የሚሄድ የአውሮፕላን መንገድ) አለው?

ጀማሪዋ

የለውም። ያረፈው ጫፍ ላይ ዞሮ በራንዌዩ ላይ ተመልሶ ነው ወደ ኤፕረን (ማቆሚያው) የሚገባው። ነዳጅም እዚያ አይቀዳም፣ ከአዲስ አበባ የመልሱን ይዞ ነው የሚመጣው።

ማዶ_ያለሁ

ፈርቼው ነበር። ፋርፊልድ ላይ የሚገባው የመነሻ ብዛት ብቻ ነው፤ አራፊው ነዳጁን ጨርሶ ቀሎ ነው የሚመጣው ተብሎ ይታለፋል። ያንቺ አውሮፕላን ግን ከነመልስ ነዳጁ ነው የሚያርፈው፣ ከዚያም በዚያው ራንዌይ ላይ ተመልሶ ይነዳል። አንድ በረራ ተብሎ የተቆጠረው በመሃሉ መስመር ላይ እስከ ሦስት ጊዜ ከባድ ማለፍ ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙ ውስጥ የማለፍ ጥምርታውን (ለአንድ መነሻ ስንት ማለፍ እንደሚቆጠር) የምትቀይሪበት ቦታ አለ፣ ከነበረበት 1 ከፍ አድርጊው።

ስትጨርሺ የሲዲኤፍ (የተጠራቀመ ጉዳት) ግራፉን ለጥፊልን። ከአውሮፕላኖቹ የትኛው ጉዳቱን እንደሚያመጣ ማየት እፈልጋለሁ። ኪው400 ከዜሮ የማይለይ ይመስለኛል፤ በሳምንት አንዴ የሚመጣው 787 ግን ድርሻው ከ737 ጋር ሊፎካከር ይችላል።

ጀማሪዋ

ጥምርታውን ሦስት አድርጌ አሠራዋለሁ፣ በ60 ሜጋፓስካል፣ ሁለቱን ጫፎች ለየብቻ። ግራፎቹን ሰኞ እለጥፋለሁ። የመስከረሙን ልኬት ደብዳቤ ዛሬ አስገብቻለሁ።

ታዛቢ

አሠሪው ሁለተኛውን ልኬት ሲሰማ ምን እንዳለም ጻፊልን 😀